ከአእዋፍ ድምፅ እስከ ዘመነ ጽጌ፦ የቅዱስ ያሬድ ድጓና የጋይንት አደራ



የዘንድሮው መጽሔታችን ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ የዝግጅት ክፍሉ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አካባቢያችን የቀድሞ ባላባቶች ለመጻፍ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ናት።

የምንኖረው ክሬጊበርን ነው። ሀገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች፣ ክሬጊበርን ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተሰሜን ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ በስሙ የሚጠራው የባቡር መስመር የሚያልቅበት ሠፈር ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ውስጥ የልጄ መምህርት ለክፍሉ የቤት ሥራ ሰጡ፦ በተፈጥሮ ውስጥ የሚደጋገም አንድ ነገር ፈልጋችሁ ወደ ሙዚቃ ለውጡት። አንዱ ልጅ የባሕር ማዕበል መረጠ፤ ሌላዋ የአበባ ቅጠል ቆጠረች። የእኔዋ ማግፓይን መረጠች። ማግፓይ ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው። በጫጩቶቹ ወራት ብስክሌት የሚነዳ ሰው አናት ላይ እየተወረወረ ያስቸግራል፤ ጎህ ሲቀድ ግን ድምፁ ዋሽንት ነው።

ልጄ ከሌሊት ሥራ የምመለስበትን ሰዓት ጠብቃ ተነሣች። በረንዳ ላይ ሆና ወፉን በስልክ ቀዳች። ከዚያም ደጋግማ እያዳመጠች ድምፁ ከፍ ሲል መስመሩን ወደ ላይ፣ ዝቅ ሲል ወደ ታች፣ ሲንቀጠቀጥ ነጠብጣብ እያደረገች ወረቀት ላይ ሣለችው። ማታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳየው ቆሜ ቀረሁ። ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ርክርኩ ሁሉ አለ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ጋይንት ውስጥ ትቼው የመጣሁት ድጓ ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋ መሰለኝ። ስለ ቅዱስ ያሬድ ጥቂት ስነግራት ወዲያው ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ እሳቸውም እንደ እኔ የወፍ ድምፅ ነው የቀዱት?»

ያን ማታ የሰጠኋት መልስ ለራሴም አላረካኝም። ይህ ጽሑፍ ተረጋግቼ የመለስኩላት ነው።

ትሉና ሦስቱ አእዋፍ

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለዱ። ትምህርት ያስተማሯቸው አጎታቸው አባ ጌዴዎን ናቸው። ያሬድ ግን ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው፣ ተግሣጹም በርትቶባቸው ጠፍተው ሄዱ። ማይ ኪራሕ በሚባል ቦታ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፈው ሳሉ አንድ ትል ዛፉን ሲወጣ አዩ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ወደቀ፤ በሰባተኛው ፍሬው ጋ ደረሰ። ያሬድም ከትል አላንስም ብለው ወደ መምህራቸው ተመለሱ።

ቀጥሎ የሚነገረው የአእዋፉ ታሪክ ነው። በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን ከኤደን ገነት የተላኩ ሦስት አእዋፍ በሰው አንደበት አነጋገሯቸው፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ወሰዷቸውና የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰሙ። ሲመለሱ አክሱም ጽዮን ገብተው የሰሙትን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ አሰሙ። አንድ ቀን ደግሞ በንጉሡ ፊት ሲዘምሩ ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የጦራቸውን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከሉት። ደሙ ሲፈስ አንዳቸውም አላወቁም። ንጉሡ ሲነቁ ደንግጠው የፈለግከውን ጠይቀኝ ቢሏቸው፣ ያሬድ የጠየቁት ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደው በምናኔ ለመኖር ፈቃድ ብቻ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ይህ ታሪክ በጽሑፍ የደረሰን ከዘመኑ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ነው። የታሪክ ሰው እንደ ቅርብ ዘመን መዝገብ ሊያነበው አይችልም። አባቶቻችን ስለ ዜማ ምን ያስቡ እንደነበር ግን በግልጽ ይነግረናል። ልብ በሉ፤ አእዋፉ በታሪኩ ውስጥ መልእክተኞችና መሪዎች ናቸው። የሚቀዳው የእነሱ ጩኸት አይደለም። ትሉም ያስተማረው ዜማ ሳይሆን መመላለስን ነው። ለልጄ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ አይደለም ልጄ፣ ያሬድ ወፍ አልቀዱም፤ ወፍ ወደሚመራበት ሄዱ።

የወፍ ድምፅ ቃል በቃል የቀዱ ሰዎች በሌላው ዓለም አሉ። ከሁሉ የሚታወቁት ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኦሊቪየ መሲያን ናቸው። በየጫካው እየዞሩ የአእዋፍን ድምፅ በኖታ ይጽፉ ነበር። በ1988 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ መጥተው ላየርበርድ የሚባለውን ወፍ ሰሙ፤ ሁላችንም በየቀኑ የምንይዘው የ10 ሳንቲም ገንዘብ ላይ ያለው ጅራተ ረጅሙ ወፍ ነው። ድምፁም በመጨረሻው ትልቅ የኦርኬስትራ ድርሰታቸው ውስጥ ገባ። መሲያን በ1992 እ.ኤ.አ. አረፉ። የልጄ የቤት ሥራ ከእሳቸው መንገድ ጋር ይገጥማል። የያሬድ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ያንን ለማየት ድጓውን መክፈት ያስፈልጋል።

ዓመቱን ያዜመ መጽሐፍ

የያሬድ ድርሰት ተብለው የሚቆጠሩት አምስት ናቸው፦ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። ከእነዚህ ትልቁ ድጓ የዓመቱ መዝሙር ነው። ሲከፈት ዓመቱ አብሮ ይከፈታል፤ ቀኑ ሲለወጥ ቃሉም ይለወጣል፤ ወቅቱ ሲለወጥ የሚዜመው ነገር ይለወጣል። የተፈጥሮ ሥርዓት ወደ ዜማ የገባው እዚህ ላይ ነው።

ክረምቱን ብቻ እንውሰድ። ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። መምህራኑ ግን እንዲሁ በደፈናው «ክረምት» ብለው አያልፉትም። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ዘርና ደመና ነው፤ ገበሬው የሚዘራበት፣ ሰማዩ የሚጠቁርበት። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግና ጠል ይባላል፤ ወንዞች የሚሞሉበት ነው። ከነሐሴ 10 ጀምሮ ዕጓለ ቋዓት ይገባል። ትርጉሙ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ምግብ ፍለጋ ወደ ፈጣሪ የሚጮኹት የቁራ ልጆች በመዝሙረ ዳዊትም ይታወሳሉ፤ የእህሉ ጎተራ በሚጎድልበት በነሐሴ አጋማሽ እነሱ ይዜሙላቸዋል። በነሐሴ መጨረሻ ጎህና ጽባሕ ይመጣል፤ ሰማዩ መገለጥ ይጀምራል። ከዚያ ቅዱስ ዮሐንስ፣ ፍሬ፣ መስቀል እያለ ክረምቱ ይወጣና መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ይገባል። ምድሪቱ አበባ ስትለብስ እስከ ኅዳር 5 ድረስ የሚዜመው አበባ ነው።

ይህን ያደረገው ሰው፣ ያደረጉትም ተከታዮቹ፣ የሀገራቸውን ምድር ያዩ ነበሩ። ደመናው ከየት እንደሚነሣ፣ ወንዙ መቼ እንደሚሞላ፣ ቁራ መቼ እንደሚፈለፍል ያውቁ ነበር። ጣሊያናዊው ቪቫልዲ «አራቱ ወቅቶች» የተባለውን ድርሰቱን በ1725 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ነጎድጓዱንና ወፉን በቫዮሊን አሰምቷል፤ ዓለምም ያደንቀዋል። የእኛ አባቶች ዓመቱን በአራት ሳይወሰኑ ክረምቱን ብቻ በሰባት ከፍለው አዚመውታል። የሚያደንቀው ግን ጥቂት ነው፤ እኛ ራሳችንም አንናገርለትም።

ድምፅን በፊደል አናት ላይ

የድጓን ዜማ በጽሑፍ የሚያቆዩት ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች ናቸው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። ስማቸው ሥራቸውን ይናገራል፦ ድፋት ድምፁን ይደፋዋል፣ ቅናት ያቀናዋል፣ ርክርክ ያንቀጠቅጠዋል፣ ቁርጥ ይቆርጠዋል። መምህራኑ ደግሞ በክርስቶስ ሕማም ይተረጉሟቸዋል፤ ይዘት መያዙን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያስታውሳል።

እነዚህ ምልክቶች ሥርዓት የያዙት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይነገራል። ጊዜውን አስቡት። የግራኝ ጦርነት ገና ማብቃቱ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ መምህራን አልቀዋል። ዜማው በሰው ቃል ብቻ ሲኖር ሰው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሁለቱ መምህራን ያን አይተው ነው ድምፁን በቀለም ያሠሩት። በኋላ የውጭ ሀገር ተመራማሪዎችም ምልክት ያላቸውን የድጓ ብራናዎች ሲያጠኑ ቀደምት ሆነው ያገኟቸው የዚያው የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፎችን ነው። ትውፊቱና ብራናው እዚህ ላይ ይስማማሉ።

የእኛ ቦታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም ጎልቶ ይታያል። የዜማው አጣጣል እንደየአካባቢው ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት ተብሎ ሲለይ፣ ብዙው የሀገሪቱ ክፍል የሚከተለው ቤተልሔም የጋይንቷ ቤተልሔም ናት። ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አባ፣ አቋቋም በጎንደር፣ ቅኔ በጎጃም ሲመሰከር፣ የድጓ መምህር ለመባል ግን ከሸዋም ከትግራይም ከጎጃምም የሚመጣው ወደ ጋይንት ነው። አንድ ሊቅ «የቤተልሔም ምስክር ነው» ከተባለ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በያሬድ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። የያሬድ ድጓ በዋናነት የተጠበቀው ግን በእኛው ወረዳ፣ በሣር ጎጆ ውስጥ ነው።

ሰባተኛውን ያልወጣሁት እኔ

እኔም በዚያ ጎጆ ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ፣ ከውሻ እየታገልኩ ያገኘሁትን ኮቸሮ ከጓደኞቼ ጋር ተካፍያለሁ። ሌሊት የኔታ በጨለማ ቃል ይነግሩን ነበር። ክረምት ሲገባ ጎጆው ያፈሳል፤ ዝናቡ ሣሩን ሲመታ የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሐምሌን ድጓ ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ነጎድጓድ ሲያስተጋባ ዝም አሉና «ስሙት፤ ከዚህ በላይ ምን ላስተምራችሁ» አሉን። ያኔ ሳቅን። ዛሬ ሳስበው ድጓን የሚያስተምሩን በመጽሐፉም በሰማዩም ነበር።

ጾመ ድጓን ጨርሼ ድጓ እንደጀመርኩ ተውኩት። ችግሩም፣ ርሃቡም፣ የከተማ ወሬም ተጨመረበት። አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚያ ሱዳን፤ ከዚያ አውስትራሊያ። ያሬድ ጠፍተው ተመለሱ። እኔ ጠፍቼ ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ አይደለም፤ ስለ ድጓ መናገር የሚገባው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው። የሚገባው ሰው እዚያው አለ። አብሮኝ ኮቸሮ የበላው ጓደኛዬ ዛሬ መሪጌታ ሆኖ ወንበር ዘርግቷል።

የልጄን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። ሳቀና «ርክርኩን አሳምራዋለች፤ ቁርጧ ግን ይቀራታል» አለኝ። ከዚያ ስለ ተማሪዎቹ ጠየቅሁት። እኛ ሳለን ሞልቶ የሚፈስ የነበረው ጎጆ አሁን በጣት የሚቆጠር ልጅ ነው ያለበት። በእነዚህ ክፉ ዓመታት ከሩቅ ሀገር በእግር መጥቶ መማር ያስፈራል። እህል ተወድዷል፤ ገበሬው ለራሱ ሳይበቃው ለቆሎ ተማሪ ምን ይስጥ? «ልጅ ዜማ ጠልቶ አይደለም የሚሄደው፤ ሆዱ ነው የሚወስደው» አለኝ። ከአዛዥ ጌራ ዘመን ጀምሮ ያልተቋረጠው ነገር በእኛ ዘመን ሊሳሳ የደረሰው በእህል እጦት ነው።

ሜልበርን ላይ የገጠመው ዓመት

እዚህ ላይ ለአውስትራሊያ አባላት አንድ ነገር ላንሣ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ዘመነ ክረምትን የሚያዜሙት በጠራራ ፀሐያቸው፣ ዘመነ ጽጌን የሚያዜሙት ቅጠል ሲረግፍ ነው። እኛ ግን ምድር ተገልብጦ ያለን እየመሰለን ከድጓው ጋር ገጥመናል። ሐምሌና ነሐሴ ሜልበርን ላይ ብርድና ጭጋግ ነው። መስከረም አበባ ነው። ዕጓለ ቋዓት በሚገባበት በኦገስት አጋማሽ፣ ሜሪ ክሪክ የሚባለውን ወንዝ ተከትላችሁ ብትሄዱ ከባሕር ዛፉ ላይ የቁራ ጩኸት ትሰማላችሁ፤ እዚህም የመፈልፈያቸው ወራት ነው። እኛ ዐደይ አበባ ይዘን እንቁጣጣሽ የምንልበት ሴፕቴምበር፣ በእነሱ መስከረም መባቻ ዋትል የሚባለው ቢጫ አበባ ይከበርበታል፤ ሴፕቴምበር 1 የዋትል ቀን ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቢጫነቱ ልብ ያሳርፋል።

የዚህ ምድር ባለቤቶች የሆኑት ነባር ሕዝቦች፣ ኩሊን የሚባሉት፣ ዓመቱን በአራት አይከፍሉትም። ሰባት ወቅት አላቸው፤ አንዱ በኦርኪድ አበባ፣ አንዱ በእንቁራሪት ልጆች፣ አንዱ በሣር ማበብ ይጠራል። ይህን ሳነብ የኔታን አስታወስኩ። ወቅትን በቁራ ጫጩት የሚጠራ ሰውና በእንቁራሪት ልጅ የሚጠራ ሰው ቢገናኙ ብዙ ሳያወሩ ይግባባሉ።

ባለፈው ነሐሴ ልጄን ወደ ሜሪ ክሪክ ወሰድኳት። ቁራው ሲጮኽ የማስታውሰውን ያህል አዜምኩላት። ብዙ ጎድሎኛል። እሷ ግን የጎደለውን አላወቀችም፤ «ለእነሱ ነው የተዘፈነው?» ብላ ወደ ላይ አየች። ሁለተኛው መልስ ይህ ነው፦ አዎ ልጄ፣ ያሬድ የወፉን ድምፅ አልቀዱም፤ ወፉ መቼ እንደሚርበው ዐውቀው ዜማ ሰጡት።

ለጉባኤያችን የማቀርበው

ማኅበራችን የልማት ማኅበር ነው። በውስጡ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ሌላውም አለ፤ እንደዚያም መቀጠል አለበት። ባለፈው ጉባኤ የአብነት ትምህርት ቤት ጉዳይ ሲነሣ «ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፤ የእኛ መንገድና ውኃ ነው» ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ነበሩ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ የጤና ጣቢያውን ጣራ አቁመን ለድጓ እንስጥ የሚል የለም። ነገር ግን የተራበ ተማሪ ማብላት የልማት ሥራ ነው፤ ጋይንትን በመላ ሀገሪቱ ያስጠራው ዕውቀትም የሁላችን ቅርስ ነው። ስለ ወሎ መንዙማ ቢሆንም ይህንኑ እል ነበር።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። አንደኛ፣ ከመደበኛው መዋጮ ሳይነካ ፈቃደኛ የሆንን ሰዎች ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እህል በሚጎድልባቸው በእነዚያ ወራት፣ ለተማሪዎቹ ቀለብ እናዋጣ። የቁራ ጫጩት የሚዜምበት ወር ላይ የሚያዜመው ልጅ መራብ የለበትም። ሁለተኛ፣ መምህራኑ ፈቃዳቸው ከሆነ የየወቅቱን ዜማ በየቀኑና በየቦታው እንዲቀረጽ የድምፅ መቅጃና በፀሐይ የሚሠራ መብራት እንላክ። የተቀዳው ድምፅ ለመምህር ምትክ አይሆንም፤ በአዛዥ ጌራ ዘመን ግን ቀለሙ እንደረዳ ይህም ይረዳል። ሦስተኛ፣ እዚህ ያሉ ልጆቻችንን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በነሐሴ አጋማሽና በጽጌ መግቢያ፣ ወደ ሜዳ አውጥተን ወቅቱን ከነስሙ እናስተምራቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ጃኬትና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ነው።

ልጄ የቤት ሥራዋን በቫዮሊን ተጫወተችው። መጨረሻው ላይ መሪጌታው እንዳለው ቁርጥ ጨመረችበት። መምህርቷ ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት «ከጋይንት» አለች። ቦታውን አይታው አታውቅም። አንድ ቀን እወስዳታለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ስንደርስ ጎጆው ውስጥ የሚያዜም ልጅ እንዲኖር ግን ከአሁኑ መሥራት አለብን።

መጪው ዓመት ለሀገራችን የሰላም፣ ለማኅበራችን የፍሬ ዘመን ይሁንልን።